የሃይሉክስ ፒክ አፕ የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ ስለመቀየር፦ ከ4.1 ወደ 4.556 ወይስ ወደ 4.875?

ጮቄ_ጫኝ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በዲፈረንሻል ሥራ ላይ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መኪናዬ ባለ 2.8 ሊትር 3ኤል ናፍጣ ሞተር፣ ተርቦ የሌለው፣ ባለ አምስት ማርሽ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። አራቱም ጎማ የሚጎትት ሲሆን የፊቱም የኋላውም አክስል በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። ሥራዬ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያና ከዚያም አልፎ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶና የሱቅ ዕቃ ማውጣት፣ ስመለስም ድንችና ገብስ ማውረድ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ጤፍ ጭኜ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ አቋርጣለሁ።

ድንጋያማው መንገድ ቀድሞ የነበረውን 205 አር 16 ጎማ ቶሎ ቶሎ ስለጨረሰብኝ፣ ጭነትም የበለጠ ስለሚችል፣ ወደ 7.50 አር 16 ቀየርኩ። ጎማው በጥንካሬው አላሳፈረኝም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል። ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት አሁን ወደ ሁለተኛ ካልመለስኩለት አይወጣውም፤ አምስተኛ ማርሽ ደግሞ ጭነት ሲኖር ፈጽሞ የማልነካው ሆኗል። የአየር ፊልትሮውንና የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይሬያለሁ፤ ኢንጀክተሮቹም ተፈትሸዋል፤ ፍሪሲዮኑም አይንሸራተትም።

በዚህ ምክንያት የኋላውን ዲፈረንሻል ጥርስ ለመቀየር አስቤያለሁ። አንዳንዶች ሬሾው (ጎማዎቹ አንድ ጊዜ ሲዞሩ ካርዳኑ፣ ማለትም ኃይል ከካምቢዮ ወደ አክስል የሚያደርሰው ዘንግ፣ የሚዞርበት ብዛት) 4.875 የሆነ ጥርስ አስገባ ይሉኛል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ኮሮናና ፒኞኑን (ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚጋጠሙትን ትልቁንና ትንሹን ጥርስ) ብቻ ላምጣልህ ያለኝ ሰውም አለ፤ እዚህ ከተማ ያለ መካኒክ ደግሞ ጥርሱን በድምፁ እየሰማ እንደሚያስተካክለው ነግሮኛል። ጥያቄዬ የትኛው ሬሾ ይሻለኛል፣ ኮሮናና ፒኞኑን ብቻ መግዛትስ ይበቃል ወይ፣ ገንዘብ እስካገኝ ድረስ የኋላውን ብቻ ቀይሬ መሥራትስ እችላለሁ ወይ የሚል ነው። አንድ የሚያሳስበኝ ነገርም አለ፤ የአሁኑን ሬሾ ለማወቅ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥቼ አንድ ሙሉ ዙር ባዞረው ካርዳኑ የዞረው ከሁለት ጊዜ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ይህ የብልሽት ምልክት ይሆን?

የጣና_ዳር_መካኒክ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በሚገባ አብራርተው ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። ፊልትሮውን፣ ኢንጀክተሩንና ፍሪሲዮኑን አስቀድመው ማስፈተሽዎም ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሞተር ድካምን በዲፈረንሻል ጥርስ ሊያድን ሲሞክር ገንዘቡን ያባክናል። አንድ ነገር ልጨምርልዎ፦ ከጭነት ጉዞ ሲመለሱ አራቱንም ቸርኬዎች በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ይሆናል፤ የያዘ ፍሬን ደግሞ ዳገት ላይ የሚያደርሰው ድካም እርስዎ ከገለጹት ጋር ይመሳሰላል።

በቅድሚያ የሚያሳስብዎትን ላንሣ። ዲፈረንሻልዎ አልተበላሸም። አንደኛው ጎማ መሬት ላይ ቆሞ ሌላው ብቻውን ሲዞር፣ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ዙሩን ስለሚያካፍሉት ኮሮናው የሚዞረው የጎማውን ግማሽ ነው። ስለዚህ አንድ ጎማ ብቻ ካነሡ ያነሡትን ጎማ ሁለት ዙር ማዞር አለብዎት፤ ያን ጊዜ ካርዳኑ የሚዞረው ልክ ሬሾው ይሆናል። በዓይን ግምት 4.1ን ከ4.3 መለየት ስለሚያስቸግር ግን እንዲህ ያድርጉ፦ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ በደንብ ያስደግፉ፣ ካምቢዮውን ባዶ ላይ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ካርዳኑ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ያነሡትን ጎማ 20 ዙር ያዙሩት። ካርዳኑ 41 ጊዜ ከዞረ ሬሾው 4.1 ነው፤ 43 ጊዜ ከዞረ 4.3 ነው። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለው መለያ ሰሌዳም የአክስሉን ኮድ ይዟል፤ ነገር ግን በብዙ እጅ ያለፈ መኪና ዲፈረንሻሉ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል እኔ ከሰሌዳው ይልቅ ቆጠራውን አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የጎማ ቁመት ሲጨምር ሬሾውም አብሮ ይለወጣል። 205 አር 16 ጎማ ወደ 74 ሴንቲሜትር፣ 7.50 አር 16 ደግሞ ወደ 80 ሴንቲሜትር ቁመት አለው። ልዩነቱ 8 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚነዱት 4.1 በሥራው ሲታይ በቀድሞው ጎማ 3.8 ገደማ እንደማለት ነው። መኪናው የደከመው ለዚህ ነው፤ ሞተሩም ጉልበቱን የሚያጣበት ከፍታ ላይ ነው የሚሠራው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ደብረ ማርቆስ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ ከዚያ ወደ ጮቄ ሲወጡ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። በቆላ ብዙም የማይሰማ የ8 በመቶ ለውጥ በደጋው መንገድ ላይ ጎልቶ የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው።

4.556 ቢያስገቡ በ7.50 ጎማ ላይ የሚያገኙት በቀድሞው ጎማ 4.2 ገደማ ከሆነ ሬሾ ጋር ይተካከላል፤ ማለትም መኪናው ወደ ቀድሞ ባሕርይው ተመልሶ ትንሽ ጉልበት ይጨምራል። በ4.875 ደግሞ ወደ 4.5 ይደርሳል። በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ሞተሩ በፋብሪካው ጎማና ጥርስ 2,350 ዙር ገደማ ይዞር ነበር፤ አሁን 2,180 ገደማ፣ በ4.556 2,420 ገደማ፣ በ4.875 ደግሞ 2,590 ገደማ ይዞራል። የጮቄውን መንገድ ብቻ የሚመላለሱ ቢሆን 4.875ን አልቃወምም ነበር። እስከ አዲስ አበባ የሚዘልቁ ከሆነ ግን ሞተሩ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ናፍጣም ይጨምራል።

ሌላም የምመለከተው ነገር አለ፤ ለእኔ ውሳኔውን የሚያደርገው ይህ ነው። በዚህ ዓይነቱ ባለ 8 ኢንች ዲፈረንሻል 4.1 ማለት 41 ጥርስ ያለው ኮሮና በ10 ጥርስ ፒኞን ሲሆን፣ 4.556 41 በ9፣ 4.875 ደግሞ 39 በ8 ነው። ኮሮናው በመጠኑ አይለወጥም፤ የሚቀጥነው ፒኞኑ ነው። ስምንት ጥርስ ያለው ፒኞን ከአሥሩ ይልቅ ቀጭን ነው፤ በአንድ ጊዜ ጭነቱን የሚሸከመው የጥርስ ስፋትም ይቀንሳል። ሲሚንቶ ጭኖ ድንጋይ ላይ በሪዱታ (ለከባድ መንገድ በሚገባው ዝቅተኛ ማርሽ) ለሚወጣ መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ምክሬ 4.556 ነው።

የኋላውን ብቻ ስለመቀየር ግን በጥብቅ ላሳስብዎ። የፊቱና የኋላው ሬሾ ከተለያየ አራቱን ጎማ በአንድነት ማስጎተት አይቻልም። ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ሁለቱን ካርዳኖች እኩል ያዞራቸዋል፤ ጎማዎቹ ግን እኩል ሊሄዱ አይችሉም። በደረቅ መንገድ ላይ ከሆነ ጫናው መውጫ አጥቶ ትራንስፈሩን፣ የካርዳን መስቀሉን ወይም ሴሚያክሱን (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ) ይሰብራል፤ ጭቃ ላይ ደግሞ ጎማዎቹ ያለማቋረጥ እየተንሸራተቱ መኪናውን ከመስመር ያስወጡታል። 4.1 ከፊት፣ 4.556 ከኋላ ማለት 11 በመቶ ልዩነት ነው።

ዓባይ_በረሃ (ደጀን)

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክለኛ ነው። እኔ መካኒክ ሳልሆን ሾፌር ነኝ፤ ከመሪው በኩል የማውቀውን ልናገር።

በእኔ እምነት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ወደ ቀድሞው የጎማ ቁመት መመለስ አይሻልም ወይ የሚለው ነው። ጭነት የሚችል፣ ቁመቱ ግን ከ205 አር 16 ብዙ የማይበልጥ ጎማ ቢያገኙ ዲፈረንሻሉን ሳይነኩ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። ጎማ ያልቃል፣ ይቀየራልም፤ የተከፈተ ዲፈረንሻል ግን በትክክል ካልተገጠመ ዕድሜ ልክ ራስ ምታት ነው። አንድ ወዳጄ ፒክ አፑን ኮሮናና ፒኞን አስቀይሮ ሲወጣ መኪናው ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጀምሮ ያፏጭ ነበር። ጋራዡ «ሲላመድ ይተዋል» አለው። አልተወም። ፉጨቱ ወደ ማጓራት ተለወጠ፤ በመጨረሻም ዘይቱ ሲወርድ የብረት ስባሪ ይዞ ወረደ። ስለዚህ በድምፅ አስተካክላለሁ የሚልዎትን ሰው አይስሙት።

ከዚህ ውጭ ጥርሱን ለመቀየር ከወሰኑ ስለ ቁልቁለቱም ያስቡ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ፍሬን ብቻውን አይችለውም፤ ሞተሩ መያዝ አለበት። የዲፈረንሻሉ ሬሾ ከፍ ሲል ሞተሩ በዚያው ማርሽ የበለጠ ይይዛል፣ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ቀድሞ በለመዱት ማርሽና ፍጥነት ከወረዱ ሞተሩ ከሚገባው ዙር በላይ ሊገፋ ይችላል። ከጥገናው በኋላ በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፍጥነትዎን ቀንሰው ሞተሩን ያዳምጡ።

ጮቄ_ጫኝ (ደብረ ማርቆስ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት ቆጥሬ በ20 ዙር 41 አግኝቻለሁ፤ ስለዚህ የኋላው 4.1 መሆኑ ተረጋግጧል። ቸርኬዎቹም እኩል ሙቀት አላቸው።

ስለ ጎማው የተሰጠኝን ምክር አልናቅሁትም፤ ነገር ግን ከሮብ ገበያ በላይ ያለው መንገድ በክረምት ጎድጎድ እያለ አክስሉ መሬት ስለሚነካ ያገኘሁትን ቁመት ማጣት አልፈልግም። ስለዚህ ወደ 4.556 አዘንብያለሁ። ሁለት ነገር ግን ይቀረኛል። የመጀመሪያው ኮሮናና ፒኞኑን ብቻ ልግዛ ወይስ ዲፈረንሻሉን ከነሙሉ አካሉ? ሁለተኛው፣ የፊቱን እስካገኝ ድረስ በበጋው በኋላው ብቻ መሥራት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያለ ፊት ጎማ እንደማይታለፉ አውቃለሁ።

የቴክኒክ_መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ይህን ሙያ ስለማስተምር ስለ ገጠማው ላስረዳ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ያለው እዚያ ነው።

ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ እርስ በርሳቸው ተፋጭተው የተጣጣሙ ጥንዶች ናቸው፤ የጥንድነታቸው ቁጥርም በሁለቱም ላይ ይቀረጻል። ቁጥራቸው የማይመሳሰል ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙ። ጥንዶቹ ትክክለኛ ቢሆኑም እንኳ አዲስ ቤት ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ነገር እንደገና መለካት አለበት። ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ምን ያህል መጠጋት እንዳለበት የሚወሰነው ከጭንቅላቱ ኩሽኔታ ጋር በሚገባው ሺም (ቀጭን የብረት ቀለበት) ውፍረት ነው፤ ይህም በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ልዩነት ነው። ቀጥሎ የፒኞኑ ኩሽኔታዎች በመጠኑ ተጨንቀው መያዝ አለባቸው። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለው ቱቦ ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨመደደ ልኩን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ ከልኩ ያለፈ ማጥበቅ ዳዶውን በማላላት አይታረምም፤ ቱቦው አንዴ ስለተጨመደደ በአዲስ ይተካል። አሮጌ ቱቦ መልሶ መጠቀም በየጋራዡ የማየው ልማድ ነው፣ ፒኞኑ ከጊዜ በኋላ የሚላላውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ከዚያ በግራና በቀኝ ባሉት የማስተካከያ ቀለበቶች ኮሮናው ወደ ፒኞኑ ይጠጋል ወይም ይርቃል፤ አንዱ በላላው ልክ ሌላው ይጠብቃል። በጥርሶቹ መካከል መቅረት ያለበት ክፍተት ለዚህ ዲፈረንሻል ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ጆሮም ጣትም አይለካውም፤ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት የሚለካ ባለ ሰዓት መለኪያ) ያስፈልጋል፤ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በኮሮናው ዙሪያ በበርካታ ቦታ መለካትም አለበት። ኩሽኔታዎቹን የሚይዙት ሁለቱ ክዳኖች ከመፈታታቸው በፊት ግራና ቀኛቸው ምልክት ይደረግበታል፤ ቢለዋወጡ ቀዳዳው ክብነቱን ያጣል።

በመጨረሻ ለጥርሶቹ ቀጭን ቀለም ተቀብቶ ኮሮናው በእጅ እየተያዘ ይዞራል፤ ቀለሙ የሚለቅበት ቦታ ምስክር ነው። ምልክቱ ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ፒኞኑ ከመጠን በላይ ቀርቧል፤ ወደ ጥርሱ ጫፍ ከወጣ ርቋል፤ በጥርሱ መካከል ላይ ሞላላ ሆኖ ከተቀመጠ ትክክል ነው። ይህን ቀለም ሳያሳይዎ ዲፈረንሻሉን ሊዘጋ የሚፈልግ መካኒክ ካጋጠመዎት እንዲቆም ይጠይቁት፤ ባለቤት የመሆንዎ መብት ነው።

ይህ ሁሉ መሣሪያና ትዕግሥት ያለው ሰው በአቅራቢያዎ ከሌለ፣ በፋብሪካ እንደተገጠመ ሳይፈታ የቆየ ሙሉ ዲፈረንሻል ቢገዙ ይሻላል። በዚህ ሞዴል ላይ ዲፈረንሻሉ ከነቤቱ ከአክስሉ ፊት ለፊት ተፈትቶ በአንድነት ስለሚወጣ፣ ሥራው ከማስተካከል ወደ መፍታትና መግጠም ይቀልላል። ሲገዙ ግን ጥርሱን ራስዎ ይቁጠሩ፤ 41 እና 9 መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ኮሮናውን ዙሪያውን እያዞሩ ጥርሶቹ ላይ ጉድጓድ ወይም ሰማያዊ የመቃጠል ቀለም አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ፒኞኑን ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ሲገፉት ምንም መነቃነቅ ሊኖረው አይገባም። የሴሚያክሱ ጥርስ ቁጥር ከእርስዎ ጋር መግጠሙን፣ የካርዳን ማያያዣው ቀዳዳዎች ርቀትም መመሳሰሉን ለክተው ይሂዱ።

የጣና_ዳር_መካኒክ (ባሕር ዳር)

መምህሩ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን ሙሉውን እገዛ ነበር።

ሲፈታ ከኋላ ታምቡሮቹ ይወጣሉ፣ የፍሬን ቱቦና የእጅ ፍሬን ገመድ ይለያሉ፣ በየጫፉ ያሉት አራት አራት ዳዶዎች ተፈትተው ሴሚያክሶቹ ከነኩሽኔታቸው ይሳባሉ። ሲሳቡም ሲመለሱም በኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይፈስ በሚገድበው ቀለበት) ላይ እንዳይጎተቱ ከታች ደገፍ አድርጎ መያዝ ይገባል፤ የተጫረ ኦይል ሲል ዘይቱን ወደ ፍሬን ሸራው ያፈስሰዋል። አክስሉ ላይ ያለችውን ትንሿን የአየር መተንፈሻም በዚሁ አጋጣሚ ያጽዷት፤ በጭቃ ስትደፈን ዘይቱ ሲሞቅ በኦይል ሲሉ በኩል መውጫ ይፈልጋል። ካርዳኑ ከመፈታቱ በፊት ማያያዣው ላይ ምልክት ይደረግ። ዲፈረንሻሉ ከባድ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ተኝቶ አይቀበለው። ሲያበቃ የፍሬኑ አየር በደንብ ይውጣ፣ ዘይቱም ጂኤል 5 80 ደብሊው 90 ሆኖ እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ይሞላ።

ስለ ፊቱ፣ በእርስዎ ሞዴል የፊቱ ዲፈረንሻል እንደ ኋላው ባለ 8 ኢንች ስለሆነ 4.556 ማግኘት አያስቸግርም፤ ሥራው ግን ከኋላው ይበዛል። ሴሚያክሶቹን ለማውጣት የመሪው መታጠፊያ እስከ ውስጥ መከፈት አለበት፤ ግራሶውና ኦይል ሲሎቹ ያን ጊዜ አብረው ይታደሱ።

እስከዚያ ድረስ በበጋው በኋላው ብቻ መሥራት ይችላሉ። ነገር ግን ፍሪ ዊሎቹን (የፊት ጎማዎችን ከሴሚያክሶቻቸው የሚያላቅቁትን መቆለፊያዎች) መልቀቅ ብቻ አይበቃም፤ ረዳትዎ ወይም መኪናውን የሚዋስ ሰው ሳያውቅ የፊቱን ጎማ ጉተታ ሊያስገባ ስለሚችል የፊቱን ካርዳን ፈትተው ያስቀምጡት። በዚህ ሁኔታ ሪዱታን ቢያስገቡ ጉልበቱ ሁሉ በኋላው አክስል ላይ ስለሚያርፍ ጭነት ይዘው አይጠቀሙበት። የፊቱን ግን ግንቦት ሳያልቅ ያሠሩት።

ስለ ፍጥነት ሰዓቱ አይጨነቁ። አሁን 80 ሲያሳይዎ በእርግጥ የሚሄዱት ወደ 86 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ4.556 ደግሞ 80 ሲያሳይ 78 ገደማ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ጥርሱ የጎማውን ስሕተት ራሱ ያርመዋል። በ4.875 ቢሆን ግን ትክክለኛው ከ73 አይበልጥም ነበርና የሰዓቱን ትንሽ ጥርስ መቀየር ያስፈልግ ነበር።

የገዙት ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ከሆነ የተለየ ማላመድ አይፈልግም። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ካስገጠሙ ግን የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ባዶውን ይንዱት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በቀስታ ነድተው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ያቁሙት፣ ይህንንም ደጋግመው ያድርጉ። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነት አይጫኑ፣ ከዚያም ዘይቱን ይቀይሩ። የመውረጃው ብሎን ማግኔት ካለው ጫፉ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ብረት ማየት የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ካገኙ ግን መኪናውን አቁመው ይጻፉልን።

ጮቄ_ጫኝ (ደብረ ማርቆስ)

ከልብ አመሰግናችኋለሁ። ሙሉውን ዲፈረንሻል ለመግዛት ወስኛለሁ፤ የካርዳን ማያያዣውን ቀዳዳዎች ርቀትና የሴሚያክሱን ጥርስ ለክቼ ወደ ሶማሌ ተራ ራሴ እሄዳለሁ። ጥርሱን ቆጥሬ ፎቶውን ከመግዛቴ በፊት እዚሁ እለጥፋለሁ፤ የኮሮናውን ጥርሶች ገጽ አይታችሁ አስተያየት ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።